ሕያው ውሃ፣ ሙት ውሃ

ሴትዮዋ አሸዋው ላይ በደረቷ ተደፍታ፣ አንድ እጇን ከሆዷ ሥር አድርጋ፣ ብርድ እንደያዘው ሰው ተኮራምታ ነበር የተገኘችው። ባሕሩ ገና ሽሽት ላይ ነበር። ያገኟት ዓሣ አጥማጆች መጀመሪያ ማዕበል የጣለው ጨርቅ መስሏቸው ሊያልፉ ነበር። ጨርቅ ግን ጣት የለውም።

የባሕር ጥናት ጣቢያው ኃላፊ ናት። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ባሕር በገባ ቀጭን መሬት ጫፍ ላይ ብቻውን የቆመ አሮጌ ቤት ነው። ሁሉም «ዶክተሯ» ይሏታል። እዚያው ትሠራለች፣ እዚያው ትበላለች፣ እዚያው ትተኛለች። ሥራዋ በዓይን የማይታዩትን የባሕር ፍጥረታት መመልከት ነበር። ሳይንሱ ረቂቅ ተሕዋስያን ይላቸዋል፤ እሷ ግን «ደቂቆቼ» ነበር የምትላቸው።

«ራሷን ነው የጣለችው» አለ ኮማንደሩ፣ ወደ ጀልባ መጠጊያው እያሳየ። «ያውልሽ ጫማዋ እዚያ ጫፍ ላይ። አስተካክላ አስቀምጣ ነው የሄደችው። ሰው ሊሞት ሲል ጫማውን ያወልቃል።»

«ለምን ያወልቃል?»

«እኔ ምን አውቄ! ያወልቃል አልኩሽ፣ ያወልቃል።»

የምትጠይቀው መርማሪ ጉጠት ትባላለች። እናት አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ግን አንዴ የያዘችውን ስለማትለቅ ባልደረቦቿ ይህን አወጡላት፣ በዚያው ቀረ። ባል ነበራት፣ ሞተ። ልጅ የላትም። ቤቷ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ሬዲዮ መክፈት ነው፤ ለመስማት ሳይሆን ሰው ያለ እንዲመስላት።

ጉጠት ቁጢጥ ብላ የሬሳውን እግር አየች። ከዚያ መጠጊያው ጫፍ ድረስ ሄዳ ጫማውን አንጠልጥላ ተመለሰች።

«ኮማንደር፣ ይህን የሱፍ ካልሲ አድርጎ ይህን ጫማ መጫማት ይቻላል?»

«የሴት ነገር አላውቅም።»

«የሴት ነገር አይደለም፣ የእግር ነገር ነው። ካልሲው እንደ ብርድ ልብስ ወፍራም ነው፤ ጫማው እንደ አፍንጫ ጠባብ ነው። ይህች ሴት በዚህ ጫማ እዚያ ድረስ አልሄደችም።»

ኮማንደሩ ተነፈሰ። ጉጠት ነገር ስትይዝ ምሳው እንደሚቀር ያውቃል።

ከሬሳው ራቅ ብላ አንዲት ወጣት ሴት ቆማ ነበር፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እያለቀሰች ሳይሆን ደርቃ። የዶክተሯ ልጅ ናት። ጉጠት ተጠጋቻት።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ልጅቱ።

«በምን?»

«በስልክ።»

ጉጠት ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች።

«ትናንት ጠዋት ደወልኩላት። ሊያገባኝ የሚመጣ ሰው አለ፣ ነዪልኝ አልኳት። ‹በዚህ ሰሞን አይመቸኝም፣ ደቂቆቼን የምጠብቅበት ጊዜ ነው› አለችኝ። ደቂቆቼ! እኔን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ‹እንግዲያው ከእነሱ ጋር ኑሪ፣ ለእኔ ከዛሬ ጀምሮ ሙት ነሽ› ብዬ ዘጋሁባት።» ከንፈሯን ነከሰች። «ከዚያ አላስችል አለኝ። አውቶቡስ ይዤ ሲመሻሽ ደረስኩ። በሩን ደበደብኩ፣ ደበደብኩ። የከፈተ የለም። ያኮረፈች መስሎኝ ከተማ ገብቼ አደርኩ።»

«ምላስ አጥንት ባይኖረውም አጥንት ይሰብራል ይባላል» አለች ጉጠት። ለማጽናናት አልነበረም፤ ማጽናናት አይሆንላትም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። በእኔ ቃል ነው ወይ ባሕር የገባችው? ማን፣ ምን፣ እንዴት አልልም። ይህን ብቻ። ካላወቅሁ መኖር አልችልም።»

«ካወቅሁ እነግርሻለሁ» አለች ጉጠት። «ደስ የማይል ቢሆንም እነግርሻለሁ። አንቺም ደስ አላለኝም ብለሽ እንዳትመለሺብኝ።»

የጣቢያው የውሃ አዳራሽ ሰፊና ቀዝቃዛ ነው። መሐሉ ላይ ከወገብ ከፍ የሚል፣ አፉ ክፍት የሆነ ትልቅ ገንዳ አለ። ጎኑ ላይ በቀለም «ሕያው» ተብሎ ተጽፏል። በግድግዳው ዙሪያ ክዳናቸው የታሰረ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ እነሱ ላይ «ሙት» ይላል። ከበሩ አጠገብ የእንጨት ማንጠልጠያ አለ፣ የላስቲክ ቦት ጫማዎች ተረከዛቸው ወደ ላይ ተገልብጠው ተሰቅለውበታል። ስም የለበትም።

የውሃውን ፓምፕ የሚያንቀሳቅሱት ሽማግሌ ጋሽ ቧንቧ ይባላሉ። ጉጠትን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ፖሊስ ነሽ?»

«ነኝ።»

«የኔ ልጅ፣ ፖሊስ መጀመሪያ እግሩን ጠርጎ ነው የሚገባው። አዳራሹን አሸዋ አደረግሽው።»

ጉጠት ወጥታ ጫማዋን ጠርጋ ገባች። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ለሰስ አሉ።

«ይህ ሕያው፣ ሙት የሚሉት ምንድን ነው ጋሼ?»

«ውሃ ነዋ። ፓምፑ ከባሕር ይስባል። እንዲያው በቀጥታ ከለቀቅሁት ሕያው ነው፤ በውስጡ ያለው ፍጥረት ሁሉ አብሮ ይመጣል። በማጣሪያው ካሳለፍኩት ሙት ነው። ከዚያ ሁለቱም በዚያች በአንዲቷ አሮጌ ቧንቧ ነው የሚመጡት።»

«ሙት ሲሉ የተመረዘ ነው?»

«ኧረ ምን በወጣው! ንጹሕ ነው፣ ከሚገባው በላይ ንጹሕ። ጨው አለው፣ ሌላ ምንም የለው። ዓሣ ብትጨምሪበት በረሃብ ያልቅልሻል።»

«ትናንት ሲመሽ የት ነበሩ?»

«ከተማ። የፓምፑ እጀታ ተሰብሮ በያጁ ዘንድ ተቀምጬ። እስኪያቃጥለኝ ድረስ ሻይ አጠጣኝ እንጂ እጀታውን ሲጨርስ መሽቶ ነበር። ጠይቂው፤ ለወሬ አይሰስትም።»

ጉጠት ወደ ማንጠልጠያው ዞረች። «የዶክተሯ የትኛው ነው?»

«ከዳር ያለው። ሁላችንም የየራሳችንን እናውቃለን። ተገልብጦ ነው የሚሰቀል፣ እንዲንጠፈጠፍ። ሌላ ሰው ቢነካው ትጮህ ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና።»

ጉጠት እጇን ወደ ቦቱ ውስጥ ሰደደች። የውስጡ ጨርቅ እንደ ተጨመቀ ስፖንጅ ረጥቦ ነበር። ሌሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ደረቅ። ጣቷን ቀመሰች፤ ጨው።

«ይህ ገንዳ ውስጥ አሁን ያለው ውሃ ምንድን ነው?»

ጋሽ ቧንቧ ዓይናቸውን ወደ ጽሑፉ ሰደዱ። «ምን ይላል?»

«ሕያው።»

«እንግዲህ ማንበብ ትችዪ የለ» ብለው ማጽጃቸውን ይዘው ወጡ።

ጉጠት በሩን እያየች ቆመች። የሚዋሽ ሰው ብዙ አጋጥሟታል፤ ላለመዋሸት ሲል መልሶ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ፎቅ ላይ አንዲት አጭር፣ ደቃቃ ሴት ማይክሮስኮፕ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ጠብታ ነው የሚሏት፤ ቀኑን ሙሉ የውሃ ጠብታ ስለምታይም፣ ራሷም ጠብታ ስለምታክልም። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ዶክተሯ ለዚህ ሁሉ ዕድሜዋን የሰጠችው ምን አይታ ነው?» አለች ጉጠት። «አሳዪኝ።»

ጠብታ ጠዋት ከመጠጊያው ሥር በብርጭቆ የቀዳችውን ውሃ አንድ ጠብታ አድርጋ ሰጠቻት። ጉጠት ዓይኗን አስጠጋች፣ ከዚያ ሳታስበው ወደ ኋላ አለች። ያቺ የውሃ ጠብታ ገበያ ነበረች። እንደ ጀልባ የሾለ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ እንደ ጸጉር የረዘመ፣ እየተሽከረከረ የሚሮጥ። ሴትየዋ ትልቁን ማጉያ ስታዞርላት ደግሞ ከእነዚያ መሐል እንደ አቧራ የደቀቁ ሌሎች ታዩ።

«እነዚህ ናቸው የባሕር ሣር» አለች ጠብታ። «ፀሐይ በልተው ያድራሉ፣ ትንሹ ይበላቸዋል፣ ትንሹን ትልቁ፣ እያለ ዓሣ ነባሪው ድረስ። ዓሣ ነባሪው ሲሞትም እነዚያ አቧራ የሚመስሉት ናቸው ፈትተው ለባሕሩ የሚመልሱት። በምድር ላይ ከሚሠራው ንጹሕ አየር ግማሽ ያህሉም የእነሱ ነው። ዶክተሯ ‹ተንፍሺ፤ አሁን ደግሞ ድገሚ፤ ሁለተኛው የእኔ ደቂቆች ስጦታ ነው› ትላለች። ነበር... ትል ነበር።»

«ያለ እነሱስ?»

«ያለ እነሱማ ባሕር ጨዋማ ጉድጓድ ነው።»

ጉጠት ቀና አለች። «አንቺ ከዶክተሯ ጋር ጥል ነበረሽ?»

«ሌላ ጣቢያ ልቀየር ብዬ እንቢ ብላኝ ነበር። ‹ማን ያናግረኛል?› ነው ያለችኝ። በዚህ ሰው ይቆጣል? ቆየሁላት።»

«ባለቀለበቱስ?»

ባለቀለበቱ የዶክተሯ ምክትል ነው። ጠብታ እንባዋን ሳትጠርግ ፈገግ አለች። «አግብቶ እንዳይመስልዎት። ከዓመታት በፊት በዚህ ባሕር ውስጥ ማንም ያላየውን ደቂቅ አገኘ፤ ክብ ነው፣ ቀለበት የሚመስል። ስሙ ዓለምን ዞረ። እኛ ሴቶቹ ‹ቀለበቱን ለማይክሮስኮፕ አሰረላት› ብለን ሳቅንበት፤ ስሙ በዚያው ጸና።» የማይክሮስኮፑን ዓይን በጨርቅ ወለወለች። «አንዳንዶቻችን ሳቃችን ከልብ አልነበረም።»

ባለቀለበቱ ረጅም፣ ጽዱ፣ ጸጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው ነው። የቢሮው ግድግዳ ላይ የዚያች ክብ ፍጥረት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ የሰው ፎቶግራፍ አንድም የለም።

«ብቸኛ ሴት ነበረች» አለ ለጉጠት ወንበር እየሳበ። «በቅርቡ ደግሞ ከልጇ ጋር ተጣላች። ጠዋት በስልክ ስትጮህ ሁላችንም ሰምተናል። ያሳዝናል፤ ግን የሚያስገርም አይደለም።»

«ትናንት ሲመሽ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ስሠራ። ከቢሮዬ አልወጣሁም።»

«በሩ ሲንኳኳ ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም። ነፋስ ነበር።»

«የውሃ አዳራሹ ከገቡ ስንት ጊዜዎ ነው?»

«እኔ ወደዚያ አልወርድም። ውሃ ሲያስፈልገኝ፣ ከሰሞኑ አላስፈለገኝም እንጂ፣ ከዚች ቧንቧ እቀዳለሁ» አለ፣ ጥግ ወዳለው የእጅ መታጠቢያ እያመለከተ። «ከገንዳው ነው የሚመጣው። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት በዚህ ነው። ኢንስፔክተር፣ ጥርጣሬ ካለዎት ቀላል ነው፤ ሳንባዋን ያስዩ። ባሕር ውስጥ የሰጠመ ሰው ሳንባ በደቂቅ ፍጥረት ይሞላል። ያን ጊዜ ልጅቱም ታርፋለች፣ እርስዎም።»

«መልካም ምክር ነው» አለች ጉጠት። «ስለ ሳንባ እስካሁን ያነሳብኝ ሰው የለም።»

ምክሩንም አልጣለችውም። የሆስፒታሉ ሬሳ መርማሪ ከሳንባዋ ጥግ የቀዳውን ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ሰጣት። «ጨዋማ ነው። በሕይወት እያለች ነው የሰጠመችው» አላት። «በተረፈ ትከሻዋ ላይ የጣት የሚመስል ጥቁረት አለ። ዓለት መትቷት ሊሆን ይችላል።»

«ዓለት አምስት ጣት አለው?»

ሬሳ መርማሪው እስክሪብቶውን አንሥቶ የጻፈውን ሰረዘ።

ጉጠት ብልቃጧን ይዛ ወደ ጠብታ ተመለሰች፣ ከየት እንደመጣ ሳትነግራት አስቀመጠችላት። ጠብታ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ «ባዶ ነው» አለች።

«ልየው እስቲ።»

እውነትም ባዶ ነበር። ያ ጠዋት ያየችው ገበያ ተበትኗል፤ ሻጭም ገዢም የለም። ልክ ሰው እንደለቀቀው ሰፈር። ጉጠት ትልቁን ማጉያ አዞረች። በዚያ ባዶ ውስጥ አንድ ክብ ነገር ይንሳፈፋል። እዚያም ሌላ። እዚያም።

«ይህስ?»

«ቀለበት ነው።»

«ጠዋት ባሳየሽኝ የባሕር ውሃ ውስጥ ለምን አላየሁትም? ይህንኑ ማጉያ አዙረሽልኝ ነበር።»

«እሱማ በብርጭቆ በእጄ ስለቀዳሁ...» ብላ ጠብታ አፏን ያዘች።

ጉጠት ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «በይ እንግዲህ። ጉጠት ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ወይ ትነግሪኛለሽ፣ ወይ እዚሁ አብረን እናረጃለን።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም የውሃ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጋሽ ቧንቧ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ጠብታ ግድግዳውን ተደገፈች። ልጅቱ ከሁሉም ተለይታ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ባለቀለበቱ እጁን አጣምሮ ከገንዳው ራቅ አለ። ኮማንደሩ ምሳውን ስላልበላ ተኮሳትሯል።

«ከእግር እንጀምር» አለች ጉጠት። «ዶክተሯ የሱፍ ካልሲ አድርጋለች። ይህ የቦት ካልሲ ነው። ቦቷ እዚህ ተሰቅሏል፣ ውስጡ በጨው ውሃ ርሷል። የሌላው ሰው ሁሉ ደረቅ ነው። ስለዚህ በመጨረሻ ሰዓቷ ቦት አድርጋ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነበረች፣ ውሃም ከላይ ገብቶባታል። የከተማ ጫማዋ፣ ጋሽ ቧንቧ እንደነገሩኝ፣ እዚህ ደፍ ላይ ነበር የሚቀመጠው። አንድ ሰው ቦቷን አውልቆ ሰቀለ፣ ጫማዋን ወስዶ መጠጊያው ላይ አኖረ። የሞተች ሴት ቦት አትሰቅልም።»

ልጅቱ ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች።

«ሁለተኛ፣ ሳንባዋ። ይህን ምክር የሰጡኝ ምክትሉ ናቸው፣ አመሰግናለሁ። በባሕሩ ውሃ ውስጥ የማይርመሰመስ ነገር የለም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የሳንባዋ ውሃ ግን ጨዋማና ባዶ ነው። በዚህ ጣቢያ ቋንቋ፣ ሙት ውሃ። ዶክተሯ ባሕር ውስጥ አልሰጠመችም።»

«ታዲያ የት?» አለ ኮማንደሩ። «ሙት ውሃ ያለው በርሜል ውስጥ ነው። በዚያ አፍ ድመት እንኳ አይገባም።»

«እኔም እዚያ ላይ ተሰናክዬ ነበር። ክፍት የሆነው ይህ ገንዳ ብቻ ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ ሕያው ይላል። ጋሽ ቧንቧ፣ ጽሑፉን ተዉትና ውሃውን ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ተነፈሱ። «ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር። ዶክተሯ ከሰሞኑ ጠርታኝ ‹ገንዳውን አጥበህ አድርቀህ በማጣሪያው ውሃ ሙላልኝ፣ ጽሑፉን አትንካ፣ ለማንም አትንገር› አለችኝ። ለምን ብላት ‹ሰው ሳላሳፍር የማጣራው ነገር አለ› አለችኝ። ማልኩላት። ሙት ውሃ ነው ያለው።»

ባለቀለበቱ ፊት ላይ የነበረው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆመ።

«ሦስተኛ» አለች ጉጠት፣ «የሳንባዋ ውሃ ባዶ ነው ብዬ ነበር። ፈጽሞ ባዶ አይደለም። አንድ ነገር አለበት። ቀለበት። ጠብታ፣ ዶክተሯ የምታጣራው ምን ነበር?»

ጠብታ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። «ገንዳው ውስጥ የገባው ውሃ ምንም የለበትም። ቀለበት ከታየበት ከባሕር አልመጣም ማለት ነው፤ ከማጣሪያው በኋላ ካለችው ከአሮጌዋ ቧንቧ ዝቃጭ ነው። በየጠዋቱ ከገንዳው እቀዳላት ነበር። ትናንት... በብዛት ታየ።» ቀና ብላ ባለቀለበቱን አየችው። «እኛ ሁላችን ነን ያጠፋነው። ባሕሩ ከበራችን ላይ እያለ ብርጭቆ ይዞ የወረደ የለም። ሁሌ ከቧንቧ ነበር የምንቀዳው።»

«ስለዚህ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ዓለምን የዞረው የባሕር ግኝት የቧንቧ ዝቃጭ ሆነ» አለች ጉጠት። «ሰውየውስ ማን ነው? ጋሽ ቧንቧ በያጁ ዘንድ ነበሩ፤ በያጁም ከበቂ በላይ ነግሮናል። ልጅቱ ቦት ተገልብጦ እንደሚሰቀል፣ የእናቷ ማንጠልጠያም የትኛው እንደሆነ አታውቅም። ጠብታ ውሃው ሙት መሆኑን ታውቃለች፤ ገድላ ቢሆን ከሳንባዋ ውሃ ጋር እንዳይገጥም ይህን አፍስሳ ሕያው ትሞላበት ነበር። ገዳዩ የጣቢያው ሰው ነው፣ ስለ ሳንባም ያውቃል፣ ሆኖም ገንዳውን አልነካም። ለምን? ጽሑፉን አምኖ። ሕያው ነው ብሎ ስላሰበ።»

ውሃው በቧንቧው ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር።

«ቀለበቱ ባሕር ውስጥ አለ» አለ ባለቀለበቱ በቀጭን ድምፅ። «በሁሉም ቦታ አለ።»

«መልካም። እንግዲያው ባሕር ውስጥ ሰጥማ ቀለበቱ ገባ እንበል። ሌሎቹስ? ያ ሁሉ ሕዝብ የት ሄደ? ቀለበትዎን ‹ቅደም› ብለው በር ላይ ቆመው ቀሩ? ወይም ደግሞ እዚህ ነው የሰጠመችው፤ እንዲያ ከሆነ ቀለበቱ የቧንቧ ነው። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፤ እኔ እጠብቃለሁ።»

ባለቀለበቱ ገንዳውን አየ፣ ከዚያ በሩን። ላብ ጆሮው ሥር ወረደ። ሁለት መውጫ ያለው ቤት ውስጥ ገብቶ ሁለቱም የተቆለፈበት ሰው መሰለ።

«የቧንቧ ነው» አለ በመጨረሻ።

ሰው መግደሉን ከማመን ይልቅ የከበደው ይህ ነበር። የቀረው ሳይጎተት መጣ። ዶክተሯ ሲመሽ ጠርታው ገንዳው አጠገብ ቀለበቱ የቧንቧ መሆኑን ነገረችው፤ በየትኛው ውሃ እንዳወቀችው ግን አልጠየቃትም። ራሱ ለዓለም ይናገር ዘንድ ጊዜ ሰጠችው። እሱ ዝም በይልኝ አላት፤ እሷ አልችልም አለች። ትከሻዋን ያዘ። ሲለቅቅ ነገሩ አልቆ ነበር። ባሕሩ ይወስዳታል ብሎ ከመጠጊያው ሥር አስተኛት፤ ባሕሩ ግን በዚያች ሌሊት እየሸሸ ነበር።

«የበሩን መንኳኳት ሰምተው ነበር» አለች ጉጠት።

«ሰምቻለሁ።» ወደ ልጅቱ አላየም። «ያን ጊዜ አልቆ ነበር።»

ኮማንደሩ ክንዱን ሊይዘው ሲራመድ ልጅቱ ከበሩ ተነሥታ መጣች። ጋሽ ቧንቧ ሊደግፏት ብድግ አሉ፤ አልፈለገችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ከአንተ በኋላ ያናገራት ሰው የለም። ስለ እኔ ምን አለች? ጠዋት ስለተባባልነው። ከፍቷት ነበር? አልቅሳ ነበር?»

ባለቀለበቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። መዋሸት ይችል ነበር፤ ምናልባት ዋሽቶ ደግ መሆን ይችል ነበር። ግን የቀረለት ነገር አልነበረም፣ ለዚህ የሚሆን አቅምም።

«ስለ አንቺ አላነሳችም።»

«ምንም?»

«ምንም። ደስ ብሏት ነበር። ስለ ውሃው ነበር የምታወራው። እየሳቀች ነበር፤ በእኔ አይደለም፣ በቧንቧው። ‹እንዲህ ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ጠረጠረ?› ትል ነበር። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።»

ወሰዱት። ጠብታ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ተከትላ ወጣች። ጋሽ ቧንቧ ባልዲያቸውን አነሡ፣ የሚሠሩበት ነገር ግን ስላጡ መልሰው አስቀመጡትና ወጡ።

ልጅቱ ገንዳው ላይ እጇን አሳርፋ ቆየች።

«እንግዲህ እኔ አይደለሁም» አለች።

«አንቺ አይደለሽም» አለች ጉጠት። «ያልሽውን ብለሻል፣ ተሸክመሽው ትኖሪያለሽ። ግን ቃልሽ አልገደላትም።»

«ሊገድላት ይቅርና አልደረሳትም።» ልጅቱ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። «ከጠዋት ጀምሮ በእኔ ምክንያት ሞታ ይሆናል እያልኩ ስቃጠል ነበር። እሷ ለካ ከዘጋሁት ደቂቃ ጀምሮ ረስታኛለች። ለአንድ ቀን እንኳ አላስከፋኋትም። እትዬ፣ የቱ ይሻላል? እውነቱን ይንገሩኝ ብዬዎት የለ።»

ጉጠት ሬዲዮዋን አሰበች፣ ባዶውን የውሃ ጠብታ አሰበች፣ ከዚያ እንዳሰበችው ተናገረች።

«ይሄኛው ይሻላል። ብቻሽን ትሆኛለሽ እንጂ ወንጀለኛ አትሆኚም።»

«ብቻ መሆኑንስ እንዴት ነው የሚችሉት?»

«አይቻልም» አለች ጉጠት። «ይኖራል እንጂ።»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። እጇን ከገንዳው አንሥታ ልብሷ ላይ ጠረገች። የመጨረሻው አውቶቡስ መቼ እንደሚነሣ ጠየቀች፤ ጉጠት ነገረቻት። ቦርሳዋን ይዛ በቀጭኑ መሬት ላይ፣ ባሕሩ በግራም በቀኝም እየሞላ፣ ብቻዋን ወደ ከተማው ሄደች። ጉጠት እስክትጠፋ ድረስ አየቻት፤ ልጅቱ አልዞረችም።